ሙሽተሪ፦ የሰማዩና የወረቀቱ



ውድ አንባብያን! የክረምቱ ደመና ተገፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ በተለይም መብራት በጠፋበት ምሽት፣ ከአዘዞ ሜዳ ላይ ቆሞ ሽቅብ የሚመለከት ሰው ከከዋክብቱ መካከል አንድ ጎላ ያለ አካል ሳያይ አይቀርም። ሁልጊዜ ባይሆንም በዓመቱ ውስጥ ለብዙ ወራት ይታያል። ሌሎቹ ሲርገበገቡ እሱ ወደ ቢጫ በሚያደላ ነጭ ብርሃን ረጋ ብሎ ያበራል። አጥቢያ ኮከብ የምንላት ዝሁራ በብርሃን ትበልጠዋለች፤ እሷ ግን ከፀሐይ ርቃ ስለማትሄድ ወይ ከመግሪብ በኋላ ወይ ከፈጅር በፊት ለተወሰነ ጊዜ ታይታ ትገባለች። እኩለ ሌሊት ላይ ከአናታችን በላይ እንደዚያ ደምቆ የምናየው አካል ግን ብዙውን ጊዜ ፈረንጆች ጁፒተር፣ ዐረቦች አል-ሙሽተሪ የሚሉት ፕላኔት ነው።

ሙሽተሪ በዐረብኛ ገዢ፣ ሸማች ማለትም ስለሆነ፣ ዐረብኛ የሚያውቅ ነጋዴ ቃሉን ከሰማይ ይልቅ ከገበያ ያውቀዋል። እኛ በምንኖርበት አካባቢ ደግሞ ስሙ የሚነሳው በሦስተኛ ቦታ ነው። ልጅ ሲታመም፣ ንግድ ሲከስር፣ ይበልጡን ደግሞ ወጣቶች ሊጋቡ ሲሉ «ኮከቡ ምንድነው?» ይባላል። ከሚሰጡት መልሶች አንዱ መሽተሪ ነው። በዚህ ወር ዓምዳችን ልንጽፍ የወደድነውም የሰማዩ ሙሽተሪና በዚህ ጥያቄ ውስጥ ያለው ሙሽተሪ አንድ ናቸው ወይ በሚለው ላይ ነው።

ስሙን እንመልከት። በአገራችን ኮከብ ቆጣሪዎች እጅ የሚገኘውን ዐውደ ነገሥት የተሰኘውን መጽሐፍ ያየ ሰው፣ የአሥራ ሁለቱን ከዋክብት ስም እንዲህ ተጽፎ ያገኘዋል፦ ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ ዐቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሑት። መድረሳ ገብቶ ዐረብኛ የቀመሰ ልጅ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። አሰድ አንበሳ፣ ዐቅራብ ጊንጥ፣ ሑት ዓሣ ነው። ፕላኔቶቹም እንደዚያው ዙሐል፣ መሽተሪ፣ መሪኅ፣ ዝሁራ፣ ዐጣርድ ይባላሉ። በግዕዝ ብራና ላይ የሰፈሩት እነዚህ ስሞች ዐረብኛ ናቸው። የቤተ ክህነት ሊቃውንት ለባሕረ ሐሳብ የሚጠቅሱት አቡሻኽርም በ13ኛው መቶ ዘመን በግብፅ የኖረ አቡ ሻኪር ኢብኑ ራሂብ የተባለ ቅብጣዊ ክርስቲያን በዐረብኛ የጻፈው ሲሆን፣ ወደ ግዕዝ ተተርጉሞ ነው የደረሰን። ስለዚህ «ኮከብ ቆጠራ የእነሱ ነው፣ እኛን አይመለከተንም» ብሎ ማለፍ አይቻልም። አንዱ በግዕዝ፣ ሌላው በዐረብኛ ይቁጠረው እንጂ ዕቃው የመጣው ከአንድ ገበያ ነው።

ገበያው ደግሞ ከዐረቦችም ይቀድማል። የባቢሎን ሰዎች ይህንን ፕላኔት የታላቁ ጣዖታቸው የመርዱክ ኮከብ ነው ይሉ ነበር። ግሪኮች ለአማልክት ንጉሥ ለዜውስ፣ ሮማውያን ደግሞ ያንኑ ጁፒተር ብለው ለነጎድጓድ ጌታቸው ሰጡት። ሆሜር በኢሊያድ መጀመሪያ ላይ ዜውስ ወደ ኢትዮጵያውያን ለግብዣ ሄዶ በአሥራ ሁለተኛው ቀን እንደተመለሰ ይተርካል። የሆሜር ኢትዮጵያ ዛሬ የእኛ ከሆነችው አገር ጋር አንድ አይደለችም፤ ቢሆንም ያ ጣዖት በእኛ ስም በሚጠራ ሕዝብ ዘንድ ድግስ እንደበላ መነገሩ ያስቃል። ፈረንሳዮች ሐሙስን እስከ ዛሬ የጁፒተር ቀን ብለው ይጠሩታል። የእኛ ሐሙስ ግን አምስተኛ ማለት ብቻ ነው። ሰኞ ሁለተኛ፣ ረቡዕ አራተኛ እያለ የሚሄድ ተራ ቁጥር ነው፤ ለየትኛውም ጣዖት አልተሰጠም።

በዚህ ላይ የኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ታሪክ ይታወሰናል። በሱረቱል አንዓም (6፡76-79) እንደተነገረው ሌሊቱ በጨለመባቸው ጊዜ ኮከብ አዩ፤ ከዚያም ጨረቃን፣ ቀጥሎም ፀሐይን አዩ። እያንዳንዱ ሲጠልቅ የሚጠልቅ ነገር ጌታ ሊሆን እንደማይችል ለሕዝባቸው አሳዩ። ሙፈሲሮች ያ መጀመሪያ የታየው ኮከብ የትኛው ነው ሲሉ ከፊሎቹ ዝሁራ፣ ከፊሎቹ ሙሽተሪ ነው ብለዋል። ሙሽተሪ ከሆነ፣ ሕዝባቸው ይሰግድለት የነበረው ይኸው ዛሬ ከአዘዞ የምናየው ነው ማለት ነው። ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ያቀረቡት ማስረጃ ሩቅ ወይም ረቂቅ አልነበረም። ቀና ብሎ መመልከትና እስኪጠልቅ መጠበቅ ብቻ ነበር የሚጠይቀው።

ቀና ብለው የሚመለከቱ ሰዎች ግን አንድ የሚያደናግር ነገር ያያሉ። ሙሽተሪ በከዋክብቱ መካከል በየሌሊቱ ጥቂት ጥቂት ወደ ምሥራቅ ይጓዛል፤ ከዚያ ይቆማል፤ ከዚያም ለአራት ወር ያህል ወደ ኋላ ይመለሳል፤ እንደገና ይቆምና ጉዞውን ይቀጥላል። በሱረቱ ተክዊር (81፡15-16) ወደ ኋላ ስለሚመለሱና ስለሚሰወሩ ተጓዦች ተነስቷል። ከቀደምት ሙፈሲሮች መካከል እነዚህ አምስቱ ተንቀሳቃሽ ከዋክብት፣ ማለትም ዙሐል፣ ሙሽተሪ፣ መሪኅ፣ ዝሁራና ዐጣርድ ናቸው ያሉ አሉ። መመለሱን ሰዎች በጥንት ዘመን በዓይናቸው አይተውት ነበር። ምክንያቱ የታወቀው ግን ቆይቶ ነው። ከአዘዞ ወደ ጎንደር በሚኒባስ ስንሄድ ከፊታችን አንድ ባጃጅ በዚያው አቅጣጫ ሲጓዝ እናያለን እንበል። ሚኒባሱ ሲቀድመው ባጃጁ ከመንገዱ ዳር ካሉት ቤቶች አንፃር ወደ ኋላ የሚንሸራተት ይመስላል፤ ሾፌሩ ግን ማርሹን አልቀየረም። ምድርም እንደዚሁ ናት። እሷ በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር፣ ሙሽተሪ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛሉ። በየ13 ወሩ ገደማ እንቀድመዋለን፤ ያኔ የተመለሰ ይመስላል። «ኮከቡ ወደ ኋላ ዞሯል፣ ዘንድሮ ሥራ አትጀምር» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ የዞረ ነገር የለም።

ስለ ግዙፍነቱ አጠር አድርገን እንንገራችሁ። በ9ኛው መቶ ዘመን የኖረው አል-ፈርጋኒ ያለ ቴሌስኮፕ አስልቶ ሙሽተሪ ከምድር 95 እጥፍ ይበልጣል ብሎ ነበር። ቁጥሩ በጣም ያነሰ ነው። ሆኖም በዓይን ነጥብ የምታክለው ነገር ምድርን እንደምታስንቅ መረዳቱ ቀላል አይደለም። ዛሬ እንደሚታወቀው የወገቡ ስፋት 143 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል፣ የምድርን 11 እጥፍ ነው። ውስጡ ባዶ ቢሆን 1,300 ያህል ምድሮችን ይይዛል። የሌሎቹ ፕላኔቶች ሁሉ ክብደት ተደምሮ የእሱን ግማሽ አይሞላም። አብዛኛው ሃይድሮጅንና ሂሊየም ስለሆነ እግር የሚያርፍበት መሬት የለውም። ያም ሆኖ በራሱ ላይ አንድ ዙር የሚዞረው ከ10 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው። ፊቱ ላይ ያለው ቀይ ነጠብጣብ ከምድር የሚሰፋ ማዕበል ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1994 የአንድ ጅራታም ኮከብ ስብርባሪዎች ተራ በተራ ሲወድቁበት በዓለም ዙሪያ ያሉ ቴሌስኮፖች ተመልክተዋል፤ ጠባሳዎቹም ለወራት ቆይተዋል። ፀሐይን ለመዞር 12 ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ይፈጅበታል። አሥራ ሁለቱን ቡርጆች በዚያ ጊዜ ሲያዳርስ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ዓመት ገደማ ይቆያል ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በጥር 1610 ጣሊያናዊው ጋሊልዮ በሠራው ቴሌስኮፕ ሙሽተሪን ሲመለከት ከጎኑ ትናንሽ ነጥቦች አገኘ፤ በየሌሊቱ ቦታ ይለዋወጣሉ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሙሽተሪን የሚዞሩ አራት ጨረቃዎች መሆናቸውን ተረዳ። ሁሉም ነገር ምድርን ይዞራል የሚለው የቆየ አስተሳሰብ ከዚያ ሌሊት በኋላ አልጸናም። በዚያ ዓመት በእኛ አገር አፄ ሱስንዮስ ከነገሡ ሦስተኛ ዓመታቸው ነበር፤ በኋላ በአዘዞ ገነተ ኢየሱስን ያሠሩትና እ.ኤ.አ. በ1632 ሲሞቱ እዚሁ የተቀበሩት ንጉሥ ናቸው። አራቱ ጨረቃዎች ኢዮ፣ ኢሮፓ፣ ጋኒሜድና ካሊስቶ ይባላሉ። ዛሬ የሚታወቁት የሙሽተሪ ጨረቃዎች ከ90 በላይ ናቸው፤ ነገር ግን በሰው ሕይወት ላይ ለውጥ ያመጡት እነዚያ አራቱ ናቸው። እንዴት ብትሉ፣ ሰዓት ሆነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢዮ ሙሽተሪን በ42 ሰዓት ተኩል ትዞራለች። በየዙሩ በጥላው ውስጥ ገብታ ትጠፋለች፤ ከዚያ ትወጣለች። ይህ መጥፋት በለንደንም በጎንደርም ለሚያይ ሰው በአንድ ቅጽበት ነው የሚሆነው። እንበልና በእንግሊዝ አገር በግሪንዊች የተዘጋጀ ሠንጠረዥ «ኢዮ የምትጠፋው በግሪንዊች ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው» ይላል። ጎንደር ላይ ያለው ተመልካች የራሱን ሰዓት ከፀሐይና ከከዋክብት ለክቶ ስትጠፋ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ሆኖ ያገኘዋል። ልዩነቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር፣ ጎንደር ከግሪንዊች በስተምሥራቅ 37 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት ማለት ነው። ቦታችን በካርታ ላይ የሚያርፈው እዚያው ነው።

ይህንን ሥራ በጎንደር የሠራው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1770 ጎንደር ሲደርስ በመጀመሪያ ያረፈው በሙስሊሞች ሠፈር ነበር። ቴሌስኮፕና ትልቅ ማዕዘን መለኪያ ይዞ ነበር። በቆየበት ጊዜም የሙሽተሪን ጨረቃዎች ግርዶሽ እየጠበቀ የአገራችንን ቦታዎች ለካ። በዚያው ጊዜ፣ በዚያው ከተማ፣ በዚያው ሰማይ ሥር የብዙ ሰው ኮከብ በመጽሐፍ ይቆጠር ነበር። አንዱ መሽተሪን ከወረቀት ላይ ሲያነብ ሌላው ከሰማይ ላይ ያነበው ነበር።

ይህ ልኬት ለእኛ ለሰጋጆች ምን ይጠቅማል የሚል ካለ፣ የሶላት ሰዓት ሠንጠረዥ ያለ እሱ አይሠራም እንላለን። የአገራችን የእጅ ሰዓት የተቃኘው በ45ኛው ዲግሪ ነው። እኛ በ37 ዲግሪ ተኩል ላይ ስለሆንን ፀሐይ ከአናታችን ዘንበል የምትለው ሰዓታችን 6 ካለ ከ30 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው፤ እንደ ወቅቱ ከፍና ዝቅ ይላል። አዲስ አበባ ዙህር የሚገባው ከእኛ 5 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ነው፤ ሐረር ደግሞ 18 ደቂቃ ገደማ ቀድሞ። በረመዷን በአዲስ አበባ ሬዲዮ የተሰማ አዛን ጎንደር ላይ ለምን እንደማያስፈጥር የሚጠይቁን ልጆች መልሱ ከፊሉ እዚህ ላይ ነው። (ከፊሉ ያልነው የቀኑ ርዝማኔም በሰሜንና በደቡብ ስለሚለያይ ነው።)

እንግዲህ ወደ ወረቀቱ ሙሽተሪ እንምጣ።

በአካባቢያችን የሆነ ነው። ሁለት ወጣቶች፣ ሁለቱም ሙስሊሞች፣ ሁለቱም ተምረው ሥራ የያዙ፣ ቤተሰቦቻቸው ተነጋግረው ኒካሕ ሊታሰር ቀን ተቆርጦ ነበር። የልጅቱ አባት ወደ አንድ አዋቂ ሄደው ስም አስቆጠሩ። «እሷ እሳት፣ እሱ ውሃ፤ ኮከባቸው አይገጥምም፤ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል» ተባሉ። ቀኑ ተሰረዘ። ልጅቱ ተማሪያችን ስለነበረች መጥታ ነገረችን። አባትየውን ስናነጋግራቸው ያሉን ይህ ነው፦ «ኡስታዝ፣ እኔ ኮከብ አምልኬ አይደለም። ልጄን አንድ ነገር ቢያገኛት፣ እያወቁ ነው የሰጧት እንዳይሉኝ ነው።» ክፉ ሰው አይደሉም። ስለ ልጃቸው ፈርተዋል።

«ሐጂ፣ ይህን ቆጠራ አብረን እንቁጠረው» አልናቸው፤ ወረቀትና እስክሪብቶም ቀረበ። አሠራሩ የታወቀ ነው። የሰውዬው ስምና የእናቱ ስም በፊደል ቁጥር ይደመራል፤ ድምሩ በ12 ይገደፋል፤ የተረፈው ቁጥር ኮከቡ ነው። አንድ ከተረፈ ሐመል፣ ሁለት ከተረፈ ሠውር እያለ ይሄዳል፤ ምንም ካልተረፈ አሥራ ሁለተኛው ሑት ነው። የልጆቹን ስም ትተን «ሐሰን የፋጢማ ልጅ» ብለን በዐረብኛው አብጀድ ቆጠርን። ሐሰን፦ ሓእ 8፣ ሲን 60፣ ኑን 50፤ ድምሩ 118። ፋጢማ፦ ፋእ 80፣ አሊፍ 1፣ ጧእ 9፣ ሚም 40፤ እስከዚህ 130። የቀረችው የመጨረሻዋ ታእ መርቡጧ ናት። ቅርጿን አይቶ እንደ ሃእ 5 ብሎ የሚቆጥራት አለ፤ ድምፅዋን ሰምቶ እንደ ታእ 400 የሚቆጥራትም አለ።

በ5 ከቆጠርናት የሁለቱ ስም ድምር 253 ይሆናል፤ በ12 ሲገደፍ 1 ይተርፋል። ሐሰን ሐመል ነው፤ እሳት ነው፤ የሐመል ጌታ የሚባለውም መሪኅ ነው፣ የጦርና የደም ኮከብ። በ400 ከቆጠርናት ድምሩ 648 ይሆናል፤ 12 ሲገባበት አንዳች አይተርፍም። ያው ሐሰን አሁን ሑት ሆነ፤ ውሃ ሆነ፤ ጌታውም ቆጣሪዎቹ ትልቁ ዕድል የሚሉት ሙሽተሪ ሆነ! ከጦር ኮከብ ወደ ታላቅ ዕድል ኮከብ፣ ከእሳት ወደ ውሃ የተሻገረው በአንዲት ፊደል አቆጣጠር ነው። ልጁ ከተቀመጠበት አልተነሳም። ሰማይ ላይም ምንም የተንቀሳቀሰ ነገር የለም።

በግዕዝ ፊደል ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሐሰን በሐመሩ ሐ ይጻፍ ወይስ በሃሌታው ሀ? ሰው በእሳቱ ሰ ይጻፈው ወይስ በንጉሡ ሠ? ዐሊስ በዐይኑ ዐ ነው ወይስ በአልፋው አ? የዐረብኛ ስሞቻችንን በአማርኛ የሚጽፈው የቀበሌ መታወቂያ ጸሐፊ ወይም የትምህርት ቤት መዝጋቢ ነው፤ እንደ እጁ ልማድ ይጽፋል። እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር ካለው የልጃችንን ኮከብ የወሰነው መዝጋቢው ነው ማለት ነው። ሐጂ በዚህ ላይ ሳቅ አሉ።

ውድ አንባብያን፤ ልታስተውሉት የሚገባው ነገር ይህ ነው፦ በዚህ ሁሉ ሒሳብ ውስጥ አንድም ጊዜ ሰማይ አልታየም። ቆጣሪው ሙሽተሪ ዛሬ ማታ ይታይ ወይም አይታይ አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። ሙሽተሪ ነገ ከሰማይ ቢጠፋ የእሱ መጽሐፍ እንደነበረው ይቀጥላል። በሠንጠረዥ የተጻፈው የኢዮ ግርዶሽ ግን ሰማይ ላይ ካልታየ ሠንጠረዡ ይጣላል። እንዲያውም ግርዶሹ አንዳንዴ ደቂቃዎች ሲዘገይ ሲቀድም ስላስተዋሉ ነው እ.ኤ.አ. በ1676 ዴንማርካዊው ሮመር ብርሃን ለመጓዝ ጊዜ እንደሚፈልግ የደረሰበት። ልዩነቱ እንዲህ ያለ ነው፤ አንዱ ሲሳሳት ይታወቅበታል።

ዑለማዎቻችን ሁለቱን ከጥንት ጀምሮ ለይተዋቸዋል። የከዋክብትን አካሄድ አስልቶ ወቅትን፣ ቂብላንና መንገድን ማወቅ ዒልሙ-ተስዪር ተብሎ የተፈቀደ፣ ከፊሉም ለዒባዳ የሚያስፈልግ ነው። ከዋክብት በሰው ዕጣ ላይ ያሳድራሉ የሚባለውን ተፅዕኖ ማንበብ ደግሞ ዒልሙ-ተእሢር ይባላል፤ የተከለከለው እሱ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም በሞተበት ዕለት ፀሐይ በተጋረደች ጊዜ ሰዎች ለሞቱ አዝና ነው ብለው ነበር። እሳቸው ግን ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞትም ሆነ መወለድ እንደማይጋረዱ አስተማሩ። ለነቢይ ልጅ ሞት ያልተንቀሳቀሰ ሰማይ ለእኛ ሠርግ ይንቀሳቀሳል? ወደ ጠንቋይ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው የአርባ ሌሊት ሶላቱ ተቀባይነት እንደማይኖረውም በሐዲስ ተነግሯል። ኢብኑል ቀይም በሚፍታሕ ዳሪ ሰዓዳ መጽሐፋቸው የኮከብ ቆጣሪዎችን ክርክር አንድ በአንድ እያነሱ በሰፊው መልሰውበታል። አል-ቢሩኒ ደግሞ ጥበቡን ለተማሪ እስኪያስተምር ድረስ ጠንቅቆ ቢያውቀውም በጥርጣሬ ነበር የሚያየው።

ይህን ስንል በሙስሊሞች ታሪክ ውስጥ ኮከብ ቆጠራ አልነበረም ማለታችን አይደለም፤ ነበረ፣ በየቤተ መንግሥቱም ተከብሮ ነበር። በ9ኛው መቶ ዘመን በባግዳድ የሠራው አቡ መዕሸር አል-በልኺ፣ ሙሽተሪና ዙሐል በየ20 ዓመቱ ሲገናኙ መንግሥታት ይለዋወጣሉ የሚል ትምህርት አስፋፍቶ ነበር። የሁለቱ መገናኘት እውነት ነው፤ በስሌት ይታወቃል። መንግሥት ይለውጣል የተባለው ግን የራሱ ጭማሪ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ምሽት ሁለቱ እጅግ ተቀራርበው በዓይን አንድ ኮከብ መስለው ታይተዋል። እንደዚያ የተቀራረቡት ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1623፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነበር፤ ያኔም ወደ ፀሐይ ተጠግተው ስለነበር ለማየት አይመቹም፣ ለእኛ ደግሞ ክረምት ነው። የ2013ቱን መገናኘት በሰሜን ከነበረው ጦርነት ጋር ሊያያይዙት የሞከሩ አልጠፉም። ጦርነቱ ግን የጀመረው ጥቅምት 24 ነበር፤ ከዋክብቱ ከመገናኘታቸው ከአንድ ወር ተኩል በፊት። የሰው እጅ የሠራውን ለሰማይ ማሸከም ተጠያቂውን ነፃ ያወጣል።

ለሐጂም ያልናቸው የመጨረሻው ነገር ወደዚሁ የሚጠጋ ነው። የልጁን ዲን፣ ጠባዩን፣ ዕዳ እንዳለበትና እንደሌለበት ጎረቤቶቹን ይጠይቁ፤ ሁለቱም ለጤና ምርመራ ይሂዱ፤ ልጅቱ ኢስቲኻራ ትስገድ፤ ፍራቻዎ እውነተኛ ስለሆነ እውነተኛ ጥያቄ ይጠይቁበት አልናቸው። «የአባቴም አባት እንዲህ እያስቆጠሩ ነው የዳሩን» አሉ። የዳሯቸው ሁሉ ሰመረላቸው ወይ ብለን ስንጠይቃቸው ዝም አሉ። ይህን እስከምንጽፍ ድረስ ቀኑ እንደገና አልተቆረጠም። ልጁ ግን ሽማግሌ መላኩን አልተወም።

በዓይናችሁ ለማየት የምትፈልጉ ወጣቶች አንድ ነገር እንጠቁማችሁ። ጨረቃ በወር አንድ ጊዜ በሙሽተሪ አጠገብ ስለምታልፍ በጨረቃ በኩል ማግኘት ይቀላል፤ ከጎኗ የማይርገበገብ ደማቅ አካል ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ተራ ባይኖኩላር ያለው ሰው ተውሳችሁ እጃችሁ እንዳይንቀጠቀጥ በግድግዳ ወይም በአጥር ላይ አስደግፉት። በሙሽተሪ ግራና ቀኝ በአንድ መሥመር የተሰለፉ ደቃቅ ነጥቦች ይታዩአችኋል። ደብተር ላይ ክብ ሠርታችሁ ነጥቦቹን ባያችሁበት ቦታ አስቀምጡ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ከጎኑ ጻፉ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ድገሙት። ተማሪዎቻችን በአራት ምሽት አራት ሥዕል ሠርተዋል፤ አንዱም ከሌላው አይመሳሰልም። ካሊስቶ ዞራ ለመጨረስ 17 ቀን ያህል ስለሚፈጅባት በዝግታ ትርቃለች፤ ጋኒሜድ በሳምንቷ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። አንዳንድ ምሽት ሦስት ብቻ ብትቆጥሩ ባይኖኩላሩ አልተበላሸም፤ አራተኛዋ ወይ ከፊቱ ወይ ከኋላው ናት። ኢዮ ከሆነች በሌላ ምሽት ታገኟታላችሁ።